ሆላንድ የከረመው ስጦታ

ሐጂ ሽኩር እምቢ ብለው አያውቁም። ይህን የኮልፌ ቀራንዮ ሰው ሁሉ ይመሰክርላቸዋል። ዱቤ የሚለምን ዘመድ፣ አጥሩን ትንሽ ላስጠጋ የሚል ጎረቤት፣ ጨርቅ በወረደ ዋጋ ካልሰጡኝ ብሎ ሱቃቸው ደጃፍ የሚውል ደንበኛ፣ አንዱም ቢሆን ከአፋቸው «አይሆንም» የሚል ቃል ሰምቶ አልወጣም። ዝም ነው የሚሉት። የመስበሃቸውን ዶቃ አንድ በአንድ በጣታቸው እያሳለፉ ምንጣፉን ያያሉ። የመጣው ሰው ትንሽ ይቁነጠነጣል፣ ትንሽ ይስላል፣ ኋላ ጫማውን ፈልጎ ይሄዳል። ነገሩም ዳግመኛ አይነሳም። እህታቸው ወይዘሮ ጁወይሪያ፣ «የወንድሜን እምቢታ የሚሰማው ጆሮ አይደለም፤ እግር ነው» ይላሉ።

የእኚህ ሰው አንድያ ልጅ አልፊያ፣ በዚያ እሁድ ከከሰዓቱ የአስር ሶላት በኋላ፣ የፎቅ ቤታቸው ደረጃ አናት ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ከታች ሳሎን ውስጥ ሽማግሌዎች መጥተዋል። እንደ ወጉ «መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ፣ እንደ ወጉ ተለምነው ተቀመጡ። የመጡት ለአንድ የመርካቶ ነጋዴ ልጅ ነው። ልጁ ጨዋ ነው፤ ሶላቱን የማያስታጉል፣ መኪናውን ራሱ የሚያጥብ፣ ሰው ላይ ክፉ የማይናገር። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ መህዲ አይደለም።

«ልጄን ሳልጠይቅ ቃል አልሰጥም» ሲሉ ተሰሙ ሐጂ ሽኩር። «ሻያችሁን ጠጡ። ኋላ እጠራትና እናንተው ፊት እጠይቃታለሁ።»

«ዝም ካለችስ?» አሉ የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ ኢብራር። ፈገግታቸው በድምፃቸው ያስታውቃል።

«ዝም ካለችማ ታውቁታላችሁ። የልጃገረድ ዝምታ ፈቃዷ ነው።»

ጉድ እኮ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር የአባት ዝምታ እምቢ፣ የልጅ ዝምታ እሺ ተብሎ ይተረጎማል። አልፊያም ዝም ልትል ወስናለች። ያን የመርካቶ ልጅ ወዳው አይደለም። አባቷ አንድ ጊዜ የዘጉትን በር እንደገና ለማንኳኳት ልቧ ስለፈራ ነው። እንዲያው ዝም እላለሁ፣ ያልቃል ብላለች።

* * *

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ጥፍር በምታክል ፎቶ ነው።

የአልፊያ እናት ሰሀር የሞተችው ልጇ ገና «እማ» ማለት ሳትጀምር ነው። ሰሀር ፎቶ መነሳት አትወድም ነበርና ከእሷ የቀረው ለመታወቂያ የተነሳችው አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ብቻ ነው። እሱንም ሐጂ ሽኩር በላስቲክ ጠቅልለው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይዘውት ይዞራሉ። አልፊያ ልጅ ሆና አንድ ጊዜ አይታው፣ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ዓይኗን ወደ ጎን ያደረገች ሴት አይታ፣ «እማዬ ለምን ተቆጣች?» ብላ ጠየቀች። አባቷ «የዚያን ቀን አስቀይሜያት ነበር» አሉና ዝም አሉ። ሌላ አልተጠየቀም።

ካደገች በኋላ ግን አንድ ነገር ተመኘች። የእናቷን ፊት ለራሷ መያዝ። አባቷ ኮታቸውን ትተው የወጡበትን አንድ ከሰዓት ጠብቃ፣ ፎቶውን ከኪስ አውጥታ፣ ሳሎን ጥግ ዋይፋዩ አጠገብ ካለው ፕሪንተር ላይ አስተኛችው። አባቷ ለሱቃቸው ሥራ የገዙት፣ የሚያትምም ስካን የሚያደርግም ማሽን ነው። ከሐጂ ስልክ የታዘዘውን ሁሉ ያለ ማንገራገር ያትማል። የአልፊያ ኮምፒውተር ግን «ስካነሩ አልተገኘም» አላት። እንደገና ሞከረች። አልተገኘም። ማሽኑ እኮ አፍንጫዋ ሥር ነው፤ መብራቱ በርቶ ቁልጭ ቁልጭ ይላል። ስካን ማድረጊያው ተበላሽቷል ብላ ተወችው።

አልተበላሸም ነበር። አልፊያ ከቤቷ ሆና በኢንተርኔት ለውጭ ድርጅት ጽሑፍ የምትተረጉም ልጅ ናት። ማኅበራዊ መገናኛው በተዘጋበት ሰሞን እሷም እንደ ከተማው ሰው ቪፒኤን ጫነች። ቪፒኤን እንግዲህ ኮምፒውተሩ ኮልፌ ተቀምጦ ሳለ ሌላ አገር ያለ አስመስሎ መንገዱን በዚያ በኩል የሚያዞርለት ነገር ነው። በዚያ ሰሞን የኮልፌ ሰው ግማሹ ካናዳ፣ ግማሹ ጀርመን ነበር። የአልፊያ ኮምፒውተር ሆላንድን መረጠ። የተዘጋው ሲከፈት ብዙው ሰው ወደ አገሩ ተመለሰ፤ የእሷ ግን በበራ ቁጥር አብሮ እንዲበራ ተደርጎ ስለነበር፣ ማንም ሳያስታውሰው እዚያው ሆላንድ ቀረ። ሆላንድ ያለ ኮምፒውተር ኮልፌ ያለ ስካነር እንዴት ያገኛል? ይህን ግን ያን ቀን አላወቀችም። አለማወቋም መህዲን ሰጣት።

ፎቶውን ይዛ ወደ ጦር ኃይሎች ሰፈር ሮጠች። የታክሲ ረዳቶች ከሚጣሩበት ፌርማታ ፊት ለፊት የድሮ ፎቶ የሚያድስ አንድ ሱቅ ነበር። መደርደሪያው ኋላ የተቀመጠው ልጅ ፎቶውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። «አንዴ» ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። ውሃ ሲፈስ ተሰማት። እጁን ታጥቦ፣ አድርቆ መጣና ፎቶውን በጠርዙ ብቻ ያዘው። አልፊያ ብትጠየቅ፣ የወደደችው ያን ጊዜ እንደሆነ አትሸሽግም።

«እናትሽ ናት?»

«እንዴት አወቅህ?»

ቀና ብሎ አያት፣ ፎቶውን አየ፣ መልሶ እሷን አየ። መልስ አልሰጣትም። አልፊያም የሚያይበት ዓይን ስላሳፈራት ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የሙሽሮች ፎቶ መመልከት ጀመረች።

ፎቶውን ስካን አድርጎ ወዲያው መለሰላት፤ እሷም አባቷ ሳይመጡ ኮታቸው ኪስ ውስጥ መልሳ ከተተችው። ቅጂው ግን መህዲ ጋ ቀረ። «ትንሽ ነው ተብሎ የተናቀ ፎቶ ውስጥ ብዙ ነገር አለ» አላት። «አቧራውና ጭረቱ ነው የሸፈነው። ጊዜ ስጪኝ።»

ጊዜ ሰጠችው። ከሥራ በኋላ በየማታው ጥቂት ጥቂት ይሠራል፤ ከዚያ ስልኳ ላይ ይጽፍላታል። «ዛሬ የእናትሽ ግራ ቅንድብ ጸዳ።» «ዛሬ ሻሿ ላይ ያለው ጥልፍ አበባ እንደሆነ ደረስኩበት።» «ዛሬ አንድ ጭረት ጉንጯ ላይ ቀረ፤ አልነካውም፣ ጠባሳ ሳይሆን አይቀርም።» ሌላው ሰው ለሚወዳት ልጅ ስለ ዓይኗ ይጽፋል፤ እሱ ስለ እናቷ ዓይን ይጽፍላት ነበር። አልፊያ መልእክቶቹን ደጋግማ እያነበበች፣ ያላወቀቻትን እናቷን በቁራሽ በቁራሽ ስትቀበል ከረመች። የሰጪውም ነገር እንዲሁ ሳታስበው ውስጧ ገባ።

ነገር ግን መህዲ የጉሊት ልጅ ነው። እናቱ ጦር ኃይሎች ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጣሉ፤ የሚኖሩት ዘነበወርቅ በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው። አክስቷ ወይዘሮ ጁወይሪያ ስሙን ለሐጂ ሲያነሱላቸው፣ «የማን ልጅ ነው?» ብለው ጠየቁ። ተነገራቸው። መስበሃቸውን አነሱ።

«ባዶ እጄን ሽማግሌ አልልክም» አላት መህዲ በዚያ ሳምንት፣ ፍላሽ እጇ ላይ እያኖረ። «ይህ ከሽማግሌ በፊት የሚቀድም ስጦታዬ ነው። በአላህ፣ አንቺ እንዳታዪው። አባትሽ ፕሪንተሩ አጠገብ ሲቀመጡ ጠብቂና ከላይ ሆነሽ እዘዢው። መጀመሪያ ማየት ያለባቸው እሳቸው ናቸው። መልሳቸውን ንገሪኝና ያኔ ሰው እልካለሁ።»

እንዳላት አደረገች። ዓይኗን ከፋይሉ ስም ላይ ሳታነሳ ፕሪንት የሚለውን ነካች። ኮምፒውተሩ «ተልኳል» አላት። ከታች የቴሌቪዥን ድምፅ ብቻ እየሰማች ጠበቀች። መጠበቅ ሲያቅታት ወረደች። አባቷ መስበሃቸውን ይዘው ምንጣፉን ያያሉ።

«አባባ» አለች።

ሐጂ ሽኩር ቀና ሳይሉ፣ «ሻይ አለ እንዴ?» አሉ። ሌላ አንዲት ቃል አልጨመሩም።

አልፊያ ገባት። ወይም የገባት መሰላት። አይተውታል፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተውታል፣ ፎቶውን ሰርቃ ማውጣቷንም አውቀዋል፣ መልሳቸውም እንደ ልማዳቸው ነው። ወደ ላይ ወጣችና ለመህዲ ጻፈች። «አባባ አይተውት ዝም አሉ።» መልሱ እስኪመጣ ረጅም ጊዜ ፈጀ። «ገባኝ። ዝምታቸውን አከብራለሁ።» ከዚያ ወዲህ አልጻፈላትም። አክስቷ መክሳቷን አይተው፣ «ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ ዘጠኝ ሆና አንድ ነብር ፈጃት። አባትሽን ጠይቂው እንጂ» ቢሏትም፣ የሐጂን ዝምታ ለሁለተኛ ጊዜ የጠየቀ ሰው በዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም። እሷም አልደፈረችም።

* * *

ደረጃው ላይ እንደተቀመጠች እጇ ውስጥ ያለው ስልክ ነዘረ። መህዲ ነው። ዘልላ ክፍሏ ገባች።

«ሽማግሌ እንደመጣ ሰማሁ» አላት። ድምፁ ብዙ ቀን ያልተናገረ ሰው ድምፅ ነው። «ላስቸግርሽ አይደለም የደወልኩት። አላህ የደስታ ያድርግልሽ። አንድ ነገር ብቻ ሳልጠይቅሽ ብቀር ግን ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል።»

«ምን?»

«አባትሽ ሲያዩዋት ፊታቸው ምን ሆነ?»

አልፊያ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አላየሁም። ላይ ነበርኩ። ስወርድ አጥፈው ኪሳቸው ከተውት ነበር።»

«ምኑን?»

«ፎቶውን ነዋ።»

«አልፊያ፣ ኪስ ውስጥ አይገባም እኮ።»

«አልገባኝም።»

«እኔ የሰጠሁሽ ወለሉን የሚሞላ ነው። በብዙ ወረቀት ተከፋፍሎ ይወጣና ተገጣጥሞ አንድ ፊት ይሆናል። ምንጣፋችሁን ያህላል። ያን ሁሉ ወረቀት ቤት ውስጥ አላየሽም?»

አላየችም። አንድ እንኳን። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ከወራት በፊት ያዘዘችው እዚያው አለ፤ «በመጠባበቅ ላይ» ይላል። በሞት የተለየ ሰው ልብስ ሳጥን ውስጥ እንደሚገኝ፣ ሳይነካ፣ እንደታጠፈ። ዓይኗ ወደ ስክሪኑ ጥግ ሄደ። ትንሽ ባንዲራ አለች፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ። ያን ጊዜ «ስካነሩ አልተገኘም» ያላት ቀን ትዝ አላትና ሁለቱ ነገሮች አንድ ሆኑ።

«መህዲ» አለች ቀስ ብላ፣ «ኮምፒውተሬ ሆላንድ ነው ያለው።»

«ምን?»

«ቪፒኤኑ። አጥፍቼው አላውቅም። ማሽኑ ኮልፌ፣ ይሄ ሆላንድ፤ ተያይተው አያውቁም። አባባ ምንም አላዩም። ዝም ያሉት ዝም ብለው ነው። ዝም ብለው ሻይ አምሯቸው ነው።»

ሁለቱም አንዲት ቃል ሳይጠይቁ የፈረዱባቸው፣ ለወራት በስህተት ጨካኝ ያደረጓቸው ሐጂ ሽኩር፣ ከታች በእርጋታ «አልፊያ፣ ልጄ፣ እስቲ ነይ» ብለው ተጣሩ።

ለጥያቄው እየጠሯት ነው። አልፊያ ባንዲራዋን ነካች። «ተቋርጧል» አለ ኮምፒውተሩ። ከታች፣ ከሳሎኑ ጥግ፣ ፕሪንተሩ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው እህህ አለ።

«ስልኩን አትዝጋው» አለችና እንደያዘችው ወደ ታች ሮጠች።

* * *

ደረጃው ሥር ስትደርስ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ማሽኑ አዙረዋል። ማንም ሳይነካው ወረቀት ይተፋል። «ቢስሚላህ» አሉ አንዱ ሽማግሌ ከወንበራቸው ሸሸት ብለው። ወይዘሮ ጁወይሪያ የሻይ ትሪ እንደያዙ በር ላይ ቆመው ቀሩ።

ሐጂ ሽኩር የሱቅ ወረቀት መስሏቸው ተነስተው የመጀመሪያውን አነሱ። ጥቁር ብቻ ነው። ሁለተኛውን አነሱ። እሱም ጥቁር፣ ጥግ ላይ ግራጫ ነገር አለው። ሦስተኛውን ሲያነሱ እጃቸው አየር ላይ ቆመ። በወረቀቱ ላይ የጨርቅ ጠርዝ አለ፤ ጠርዙ ላይ ትንንሽ የተጠለፉ አበቦች። ሰውየው ዕድሜያቸውን ጨርቅ የሸጡ ናቸው። እጃቸው ያለፈን ጨርቅ አይረሱም።

«ይህ የሰሀር ሻሽ ነው» አሉ።

ማንም አልተናገረም። ማሽኑ ብቻ ይሠራል። ሐጂ ሽኩር ወረቀቱን ምንጣፉ ላይ አኖሩ፤ ቀጥሎ የመጣውን ጎኑ አኖሩ፤ ከዚያ እኚያ በሰው ፊት ጉልበታቸውን ለአላህ ብቻ የሚያጥፉ ሰው ቁልቁል ተንበረከኩ። አልፊያ ከማሽኑ እየተቀበለች ታቀብላቸዋለች። መጀመሪያ አልገጠመም፤ ግንባሩ ከሻሹ ተፋልሶ ነበር። ጋሽ ኢብራር መነጽራቸውን አድርገው፣ «ሐጂ፣ ያንን ወዲህ፣ ይቺን ወደዚያ» ማለት ጀመሩ፤ ትንሽ ቆይተው እሳቸውም ወረዱ። ልጅ ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች ሁሉ በካልሲያቸው ሆነው ምንጣፉን ከበቡት።

ዓይኖቿ መጡ። አንደኛው በአንድ ወረቀት፣ ሌላኛው በሌላ። ሐጂ ሽኩር ሁለቱን አገጣጠሟቸው። ጥፍር ታክል የነበረችው ሴት አሁን ከበሩ እስከ መስኮቱ ድረስ ተንጣልላለች፤ ሽፋሽፍቷ እየተቆጠረ፣ ዓይኖቿ ውስጥ ብርሃን እንዳለ። «ሱብሐነላህ» አሉ ጋሽ ኢብራር በለሆሳስ። አልፊያ እናቷ ዓይን እንዳላት ታውቅ ነበር፤ እንዲህ ያለ ዓይን እንዳላት ግን ማንም ነግሯት አያውቅም።

ማሽኑ ቆመ። ቀይ መብራት በራ። ከሰሀር አፍንጫ በታች ባዶ ምንጣፍ ነው።

«ምን ሆነ?» አሉ ሐጂ ሽኩር። ድምፃቸው የአልፊያን ልብ ቆረጠው። ማንንም ለምነው የማያውቁት ሰውዬ ያን ማሽን በዓይናቸው ይለምኑታል። «ለምን ቆመ? ልጄ፣ ለምን ቆመ?»

«ወረቀት አልቆ ነው፣ አባባ። ቆይ።»

ከቴሌቪዥኑ ሥር ወረቀት አወጣች። በጥድፊያ ማስገባት አቃታት፤ አክስቷ ትሪያቸውን ጥለው መጥተው አገዟት። ማሽኑ እንደገና እህህ ብሎ ቀጠለ። ጉንጭ መጣ። አገጭ መጣ። በመጨረሻ ከንፈሮቿ መጡ። ሐጂ ሽኩር ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ቦታው ላይ አኖሩትና አጎንብሰው ቀሩ። ረጅም ጊዜ። ዝምታቸውን የሚያውቁት ሁሉ ፈሩ።

«ያን ቀን ጠዋት ተጣልተን ነበር» አሉ ኋላ። የሚናገሩት ለማን እንደሆነ አይታወቅም። «ፎቶ አልነሳም ብትለኝ ጎትቼ ወሰድኳት። አላናግርህም አለች። በዚያው ዓመት ሞተች። ይህን ፎቶ ባየሁ ቁጥር ይኸው እንደተቆጣችኝ ናት እላለሁ። ሌላ ፊት አልተወችልኝም ነበር።» ጣታቸውን በከንፈሮቿ ጥግ፣ ጉንጯ ትንሽ በተሰረጎደበት ቦታ ላይ አደረጉ። «ይቺ ግን የተቆጣች ሴት አይደለችም። ሳቋን እየዋጠች ነው። ጁወይሪያ፣ ነይ እዪ። ሳቋን እየዋጠች አይደለም?»

ወይዘሮ ጁወይሪያ ጎንበስ ብለው አዩና በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። «እሷው ናት» አሉ። «ሳቅ ሲመጣባት እንዲህ ነበር የምትሆነው። ወላሂ፣ እሷው ናት።»

«ማን ነው ይህን የሠራው?»

አልፊያ ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ስልኩን ዘረጋችላቸው። «መህዲ ነው፣ አባባ። መስመር ላይ አለ።»

ሐጂ ሽኩር ስልኩን ተቀበሉ። «ልጄ» አሉ፣ «እውነቱን ንገረኝ። ይህን ሳቅ ከራስህ ነው የጨመርከው?»

መህዲ ሲመልስ ድምፁ ለሁሉም ተሰማ። «አላህ ምስክሬ ነው፣ ሐጂ፣ አንዲት ነጥብ አልጨመርኩም። አቧራውን ነው ያነሳሁት። ሳቁ ከሥሩ ነበር።»

ሐጂ ሽኩር ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንባቸው በጢማቸው ወረደ። አልፊያ አባቷ ሲያለቅሱ አይታ አታውቅም፤ ዛሬ ግን አላስፈራትም። የሰው ልብ ያን ሁሉ ዓመት አንድ ስህተት ተሸክሞ መኖር መቻሉ፣ ስህተቱም በአንድ ከሰዓት ከላዩ መውረዱ ነው ያስደነቃት።

«አንተ ልጅ፣ ሰው ያልላክኸው ለምንድን ነው?» አሉ ኋላ።

«ዝም አሉ ስባል ጊዜ…»

«ዝም!» ሐጂ ሽኩር ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስለ ጉሊት ሲነግሩኝ ከብዶኝ ነበር። አልዋሽህም፣ ከብዶኝ ነበር። አሁን አፍሬያለሁ።» ወደ አልፊያ ዞሩ። «ልጄ፣ ጋሽ ኢብራር መልስ ይጠብቃሉ። ዝም አትበዪብኝ። በዚህ ቤት ዝምታ በቅቶናል።»

«አባባ» አለች፣ «የምወደው መህዲን ነው። ሌላ አላገባም።»

ጋሽ ኢብራር መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። «ሐጂ» አሉ፣ «እንዲህ ያለ መልስ ይዞ የሚመለስ ሽማግሌ አያፍርም። ለላኪዎቹ እኔ እነግራለሁ።» ለመሄድ ግን አልቸኮሉም። ሁሉም የሴትየዋን ፊት እያዩ ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ ወረቀቶቹን እንዳይረግጡ በግድግዳው ጥግ ጥግ፣ አንድ በአንድ፣ ጫማቸውን ወዳስቀመጡበት ሄዱ።

«ሰው ላክ» አሉ ሐጂ ሽኩር ወደ ስልኩ። «እናትህም ይምጡ። በር ላይ ብዙ አላቆማቸውም።» ከዚያ ስልኩን ለአልፊያ መለሱላት። እሷም ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች፤ መህዲ የልቧን ምት ይስማው ብላ።

«አባባ፣ እማዬ ወዴት ነው የምታየው?» ስትል ጠየቀች ኋላ። የሰሀር ዓይኖች ትንሽ ወደ ጎን ያዩ ነበር።

ሐጂ ሽኩር የሚስታቸውን ዓይን ተከትለው ተመለከቱ፤ ፊታቸው ቀስ እያለ በራ። «ፎቶ አንሺው አትሳቂ፣ የመታወቂያ ነው አላት» አሉ። «እኔ ከጎኑ ቆሜ ነበር። አንቺን ታቅፌ። ቆቤን ከራሴ ላይ አውልቀሽ አፍሽ ውስጥ ከተትሽው።» ከፎቶው ጎን ያለውን ባዶ ምንጣፍ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

«እዚህ ጋ ነበርሽ። ነይ፣ ተቀመጪ።»

አልፊያ ሄዳ ተቀመጠች።